ሙዚቃን በኮሌጅ ለማጥናት፦ ማመልከቻው እንዴት ይዘጋጃል?

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ለሚኖርና ሙዚቃን ዋና የትምህርት መስኩ ለማድረግ ላሰበ ተማሪ፣ የኮሌጅ ማመልከቻ ሁለት በሮች አሉት። አንደኛው እንደማንኛውም አመልካች የትምህርት ውጤት፣ ድርሰትና የድጋፍ ደብዳቤ የሚቀርብበት የዩኒቨርሲቲው መግቢያ ነው። ሁለተኛው በሙዚቃ መምህራን ፊት የሚቀረብበት የችሎታ ፈተና፣ በተለምዶ ኦዲሽን የሚባለው ነው። አንዱን ማለፍ ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

የዲግሪ ምርጫ

ዝግጅቱ የሚጀምረው ዲግሪውን በመለየት ነው። በባችለር ኦፍ ሚውዚክ ከትምህርቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሙዚቃ ነው። በባችለር ኦፍ አርትስ ግን የሙዚቃው ድርሻ ከግማሽ በታች በመሆኑ ሌላ ሙያ ጎን ለጎን ለማጥናት ይመቻል። ስለ ልጃቸው መተዳደሪያ ለሚጨነቁ ወላጆች ይህ ልዩነት ትርጉም አለው። በኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና በፌርፋክስ የሚገኘው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም ዲግሪዎች ይሰጣሉ።

በጆሮ የተማሩ

ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ በባሕርያቸው የሚለያዩ ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎችን፣ ስኬሎችንና ያልተለማመዱትን ኖታ አይቶ ወዲያው መጫወትን ያካትታል። የክላሲካል ድምፃውያን ከእንግሊዝኛ ሌላ በጣልያንኛም እንዲዘፍኑ በብዛት ይጠየቃሉ።

በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ወይም በቤት ውስጥ ዜማን በጆሮ የተማሩ ወጣቶች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። የጆሮ ችሎታ ትልቅ ሀብት ቢሆንም ኖታ ማንበብን አይተካም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የኖታና የሙዚቃ ቲዎሪ ትምህርት መጀመር ይበጃል።

ክራር፣ ማሲንቆ ወይም በገና የሚጫወቱ ተማሪዎችም በአብዛኞቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የሚፈተኑት በፒያኖ፣ በድምፅ ወይም በሌላ ትምህርት ክፍሉ በሚያስተምረው መሣሪያ ነው። ይህ ግን የባህል ሙዚቃ ዕውቀታቸውን ዋጋ አያሳጣውም፤ ለድርሰቱ ሌላ አመልካች የሌለው ርዕስ ሊሆን ይችላል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ በሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ከሚገኘው ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቀው፣ በኋላ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በምሁርነት አጥንተዋል።

የጊዜ ሰሌዳ

በ11ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ የየትምህርት ቤቱን መስፈርት አነጻጽሮ ሥራዎቹን መምረጥ ይገባል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ከኦዲሽኑ በፊት የቪዲዮ ቅጂ ተቀብለው ያጣራሉ፤ ስለዚህ ቀረጻው 12ኛ ክፍል በተጀመረ በሁለት ወር ውስጥ ቢጠናቀቅ ይመረጣል። የማመልከቻ ማብቂያ ቀኖች በብዛት በኖቬምበርና በዲሴምበር፣ ኦዲሽኖች ደግሞ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ላይ ይውላሉ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉ መምህራን፣ በተለይም የሙዚቃ መምህሩ፣ በመስከረም ቢጠየቁ በቂ ጊዜ ያገኛሉ።

ወጪው

የነዋሪነት መስፈርት የሚያሟላ የሲልቨር ስፕሪንግ ተማሪ በኮሌጅ ፓርክ፣ የአሌክሳንድሪያው ደግሞ በጆርጅ ሜሰን የሚከፍሉት የግዛታቸውን ነዋሪ ክፍያ ነው። ፖቶማክን ተሻግሮ መማር ወጪውን በእጅጉ ያንራል። የፌደራል የትምህርት ድጋፍ ቅጹ፣ ፋፍሳ፣ እንደ ደንቡ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። በችሎታ ላይ የተመሠረተ የሙዚቃ ድጎማ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በኦዲሽኑ ውጤት ስለሆነ፣ ፈተናው የመግቢያ ብቻ ሳይሆን የክፍያም ጉዳይ ነው።

በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም በኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ መዛወር ወጪ ይቀንሳል። ሆኖም ተዛዋሪ ተማሪም ከኦዲሽን አያመልጥም፤ የወሰዳቸው የሙዚቃ ትምህርቶች በሚዛወርበት ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነት እንዳላቸው አስቀድሞ ከአማካሪ ማረጋገጥ ይኖርበታል።