ለዓይን የተሰጠ ድምፅ

በአንኮበርም ሆነ በደብረ ብርሃን አድባራት ድጓ ተዘርግቶ ያየ ሰው ከንባቡ በላይ በደቃቅ ፊደል የሠፈረውን ምልክት ያውቀዋል። ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሆኑ ሊቃውንት ይተርካሉ። አስቀድሞ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ብቻ ይተላለፍ የነበረው ዜማ ከዚያ ወዲህ በዓይንም የሚታይ ሆነ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በእጅ የሚነጋገሩበትም ልሳን ይህንኑ ስም ይዞ የምልክት ቋንቋ ተባለ።

ስሙ እንዲህ የከበረ ሲሆን ባለቤቶቹ ግን በክፉ ስም ኖረዋል። በአማርኛ ደንቆሮ ማለት ጆሮው የማይሰማ ማለት ነው፤ አላዋቂም ማለት ነው። ቃሉ የጆሮን ጉድለት ካለማወቅ ጋራ ባንድ ቀንበር ጠመደው። በንባብ ቤትም በዜማ ቤትም ትምህርቱ በመስማትና በቃል በማጥናት ስለ ነበረ የማይሰማው ልጅ ከደጅ ቀረ፤ ከደጅ በመቅረቱም አላዋቂ ሲሆን፣ ጥፋቱ የራሱ ተደርጎ ተቈጠረበት። ወንጌላዊው ሉቃስ ግን ስለ ዘካርያስ ሲጽፍ፣ አንደበቱ የተዘጋውን ካህን ዘመዶቹ የሕፃኑን ስም በምልክት እንደ ጠየቁትና እርሱም ሰሌዳ ለምኖ እንደ ጻፈ ይነግረናል። ከዚያ ቤት የታጣው ድምፅ ነው እንጂ ዕውቀት አልነበረም።

በአውሮፓም በ18ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ለእነዚህ ሰዎች ትምህርት ቤት የከፈተው አቤ ደ ሌፔ ካህን ነበር። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ሎራን ክሌርክ፣ ራሱ የማይሰማ ሲሆን፣ ትምህርቱን በ1817 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወደ አሜሪካ አሻገረው። በ1880 ግን በሚላኖ የተሰበሰቡ መምህራን፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል የሚሰሙ ሲሆኑ፣ ልጆቹ በአፍ እንጂ በእጅ እንዳይማሩ ቈረጡ። ባለጉዳዮቹ ያልተጠየቁበት ጉባኤ ብዙ ትውልድ ጐዳ።

ወደ ኢትዮጵያ ትምህርቱ የደረሰው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከአሜሪካ የመጡ ሚሲዮናውያን በአዲስ አበባ በመካኒሳ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ምልክቶቻቸውም ከአገሬው ምልክት ጋራ ተቀላቀሉ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን ማኅበራቸውን አቋቋሙ። ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው የጣት ፊደሉ ነው። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተ ሰብ አንድ የእጅ ቅርጽ ተሰጠው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። በን የሚያሳየው እጅ ቅርጹን ሳይለውጥ፣ በመንቀሳቀሱ ብቻ ቡ፣ ቢ፣ ባ ይሆናል። ከባዕድ የተቀዳ ፊደል ይህን ሊያደርግ ባልቻለም ነበር፤ የአገሩን ሆሄ ከነሥርዓቱ ወደ ጣት ያወረደው ሰው አላዋቂ ሊባል አይገባውም።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዲኖራቸው ይደነግጋል፤ የእጅን ቋንቋ ግን በስሙ አልጠራውም። በ2002 ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የምልክት ቋንቋ እንዲታወቅና እንዲስፋፋ ያዛል። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ቋንቋ የዲግሪ ትምህርት ጀምሮ ነበር።

ዳኛና ሐኪም በአስተርጓሚ ቢረዱ ነገሩ በጥቂቱ ይቃለላል። ኑዛዜ ግን በሁለት ሰዎች መካከል የሚቀር ምስጢር ነው። የንስሓ አባቱ እጁን ሊያነብለት ያልቻለ ሰው በደሉን ለመናገር ሦስተኛ ሰው ይዞ ይገባል፤ አለዚያም ሳይናገር ይመለሳል።