የርቀት ስሌት እና የልኬት መነሻ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ዓባይ ተፋሰስ

በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ርቀት ከኬክሮስና ከኬንትሮስ የሚያሰላ ሶፍትዌር የሚሠሩ ባለሙያዎች አብዝተው የሚከራከሩት በቀመር ምርጫ ላይ ነው። ይህ መጣጥፍ ግን፣ በተለይ የኢትዮጵያ መረጃ ሲሰላ፣ ከቀመሩ ይልቅ ዳተም የሚባለው የልኬት መነሻ ለከፋ ስሕተት እንደሚዳርግ ለማሳየት ይሞክራል።

በቅድሚያ የቀመሩን ድርሻ እንመዝን። ለምሳሌ፣ የአሜሪካ ዋና ከተማ የዋሽንግተን ወሰን እ.ኤ.አ. በ1791 እና በ1792 በአንድሩ ኤሊኮት መሪነት ሲቀየስ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ማይል የሆነ ካሬ እንዲሆን ታስቦ ነበር። የደቡቡ ማዕዘን ድንጋይ በአሌክሳንድሪያ ጆንስ ፖይንት፣ የሰሜኑ ደግሞ በሲልቨር ስፕሪንግ ኢስት ዌስት ሀይዌይ አጠገብ ይገኛል። በካሬው ተቃራኒ ማዕዘኖች ያሉት እነዚህ ሁለት ድንጋዮች በአንድ ኬንትሮስ ላይ ያሉ ያህል ናቸው፤ የኬክሮስ ልዩነታቸው 12 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ነው። መሬትን ራዲየሷ 6,371 ኪሎ ሜትር የሆነ ፍጹም ሉል አድርጎ የሚወስደው የሃቨርሳይን ቀመር 22.86 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ቴዲየስ ቪንሰንቲ በ1975 ያሳተመው፣ መሬት በዋልታዎቿ በኩል ጠፍጠፍ ማለቷን የሚያስገባው ቀመር ግን 22.82 ኪሎ ሜትር ይላል። ልዩነቱ 40 ሜትር አይሞላም። ለተሳፋሪ ቅርብ የሆነውን ታክሲ ለሚፈልግ ፕሮግራም ይህ ከቁጥር አይገባም። ስሕተቱ ከርቀቱ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ግን በአህጉራት መካከል ኪሎ ሜትሮች ይደርሳል። የቪንሰንቲ ስሌትም ቢሆን ሁለቱ ነጥቦች በመሬት ተቃራኒ ጎኖች ላይ ሲሆኑ መልስ ሳይሰጥ ሊቀር ይችላል፤ ቻርልስ ካርኒ በ2013 ያሳተመው ዘዴ ይህን ጉድለት አስወግዷል።

የዳተም ስሕተት ጠባይ ከዚህ ይለያል። ለዚህ የኢትዮጵያ ካርታዎች ምሳሌ ይሆናሉ። ለአሜሪካ ብሔራዊ የጂኦዴሲ መሥሪያ ቤት ቀዳሚ የነበረው የባሕር ዳርቻና የጂኦዴሲ ቅየሳ ተቋም በ1950ዎቹ መጨረሻ በዓባይ ተፋሰስ የቅየሳ ሥራ አካሂዷል። ያ ሥራና የኢትዮጵያ ነባር ካርታዎች የተመሠረቱበት ዳተም አዲንዳን ይባላል፤ መነሻው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ የተመረጠ የቅየሳ ነጥብ ሲሆን፣ ለመሬት ቅርጽ የሚጠቀመውም ክላርክ 1880 የተባለውን ልኬት ነው። የዛሬው ጂፒኤስ የሚሠራው ግን በደብሊውጂኤስ 84 ነው። በአዲስ አበባ አካባቢ አንድ ዓይነት ኬክሮስና ኬንትሮስ በሁለቱ ዳተሞች ሲነበብ ከ100 ሜትር በላይ የሚራራቁ ሁለት ቦታዎችን ያመለክታል።

ሁለቱም ነጥቦች በአንድ ዳተም ከተለኩ ፈቀቅታው ተጣጥቶ ርቀቱ ብዙም አይዛባም። ጉዳቱ የሚመጣው ሲደባለቁ ነው። የጤና ጣቢያው ቦታ ከነባር ካርታ፣ የታካሚው ቤት ደግሞ ከእጅ ስልክ ቢወሰድ፣ በመካከላቸው ያለው 500 ሜትር እንደ አቅጣጫው 400 ወይም 600 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የትኛውም ቀመር ይህን አያርምም፤ የተሰጡትን ቁጥሮች አምኖ ያሰላልና።

ስለዚህ የቦታ መረጃ የሚይዝ ማንኛውም ሰንጠረዥ ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ጎን የዳተም ዓምድ ሊኖረው ይገባል። ሶፍትዌሩም መረጃውን ወደ አንድ ዳተም ሳይለውጥ ማስላት የለበትም፤ ዳተሙ ያልተገለጸለትን መረጃ መቀበልም አይገባውም። የቀመር ምርጫ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።