ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ የጦር መኰንን የመሆን ዕድል

በ1950ዎቹ ዓመታት፥ በዚያን ጊዜ አጠራር በከፋ ጠቅላይ ግዛት በጊሚራ አውራጃ የሚማር ወጣት የጦር መኰንን ለመሆን ቢመኝ፥ ምኞቱ የሚፈጸምበት ዕድል ምን ያህል ነበር? ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው በሐረር አካዳሚ በር ላይ ስለሚደረገው ምርጫ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ዋናው ማጣሪያ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ጅማ ባለው መንገድ ላይ አስቀድሞ ያልቅ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከሆለታ መጀመር ያስፈልጋል። በ1927 ዓ.ም. ሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሯቸው የስዊድን መኰንኖች በሆለታ ገነት ማስተማር ሲጀምሩ፥ ዕጩዎቹ የተመለመሉት እንደ ዳግማዊ ምኒልክና እንደ ተፈሪ መኰንን ካሉት የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ነበር። ትምህርቱ በፈረንሳይኛ ስለሚሰጥ የገጠር ልጅ ገና ከመነሻው ከበር ውጭ ቀረ። ጦርነቱ ትምህርታቸውን ካቋረጠባቸው ዕጩዎች አንዳንዶቹ በወለጋ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰለፉ፤ ከራስ እምሩም ጋር ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ከከፋ ምድር ደፍ ላይ የደረሱት እነዚያ ወጣት መኰንኖች በሰልፍ ያጌጡ ሳይሆኑ ስንቅና ጥይት ያለቀባቸው ነበሩ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በዚያው ዓመት የካቲት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ተገደሉ።

ከነጻነት በኋላ በሩ ሁለት ሆነ። ሆለታ እንደገና ተከፍቶ፥ አነስተኛ ትምህርት ያላቸውንና ከወታደርነት የተነሡትን ጭምር ይቀበል ጀመር። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ በሐረር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር አካዳሚ ተቋቋመ። በህንድ መኰንኖች እየተመራ፥ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱትን በእንግሊዝኛ ሦስት ዓመት ያስተምር ነበር። ምግቡ፥ ልብሱና መኝታው በመንግሥት ወጪ ስለሆነ ለድኃ ቤተ ሰብ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ አካዳሚውም፥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ዓይናቸውን የጣሉት በዚያው ጥቂት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ላይ ነበር።

እንግዲህ የሚዛን ልጅ ከነዚህ ጥቂቶች መካከል እንዴት ይገባል? ከፍተኛውን ክፍል ለመማር ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ጅማ መድረስ፥ ካልሆነም ከዚያ ወደ ራቀ ከተማ መሄድ ነበረበት። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው። ጅማ ከደረሰ በኋላ ቤት ተከራይቶ ስንቅ ከወላጆቹ መጠበቅ አለበት፤ የወላጆቹም ገንዘብ የቡና ገንዘብ ነው። የቡና ለቀማ የሚውልበት ወራት ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት መስከረም ጋር ይገጥማል፤ እስከ ታኅሣሥም ይዘልቃል። አባት በዚያን ጊዜ የልጁን እጅ ይፈልጋል። ጎበዝ ተማሪ በሰነፍነቱ ሳይሆን በቡናው ምክንያት ከክፍሉ ሊቀር ይችላል።

በሚዛንም ልጆች መካከል ቢሆን ዕድሉ እኩል አልነበረም። ከ1889 ዓ.ም. የከፋ ዘመቻ ወዲህ በአገሩ የሰፈሩት የመልከኞችና የሹማምንት ልጆች በቤታቸው በአማርኛ ያደጉ ናቸው። የቤንች ወይም የሸኮ ገባር ልጅ ግን አማርኛን በትምህርት ቤት ተምሮ፥ በላዩ እንግሊዝኛን ይጨምራል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች በእንግሊዝኛው በኩል ብልጫ እንደነበረን መካድ አይገባንም።

ስለዚህ ለብዙው የአውራጃ ልጅ የቀረበው በር፥ ክብሩ ዝቅ ያለ ቢሆንም፥ ሆለታ ነበር። የሐረር ምሩቃን በትምህርታቸው ይመኩ ስለነበር በሁለቱ መካከል ፉክክር ነበረ። በ1966 ዓ.ም. ደርግ ሲቋቋም ግን ግምቱ ተገለበጠ፤ ጄኔራል ተፈሪ በንቲም፥ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም የሆለታ ምሩቃን ናቸው። የሐረሩ አካዳሚ በዚያው በደርግ ዘመን ተዘጋ።

ይህን ምርምር የሚቀጥል ተማሪ ቢኖር፥ ከሐረር የምሩቃን ዝርዝር አስቀድሞ የሚዛን ተፈሪን የስምንተኛ ክፍል መዝገብ ቢመለከት፥ በጥቅምትና በኅዳር የቀሩትንም ልጆች ቢቈጥር ይሻለዋል።