ከሶባ እስከ ማትሪክ

ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ በጣና በኩል የሚወርደው ወንዛችን ካርቱም ገብቶ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ በስተቀኙ የተሰባበረ ቀይ ጡብና ገል የተበተነበት የጉብታ ሜዳ አለ። ቦታው ሶባ ይባላል። ዛሬ የካርቱም ዳርቻ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ግን ዓልዋ የተባለው የክርስቲያን መንግሥት ዋና ከተማ ነበረ። ተማሪዎቻችንን ለእንግሊዝኛ የክፍል ፈተናና ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ስለ ማዘጋጀት እንጽፋለን ብለን ከተነሣን በኋላ ጉዟችንን ከዚህ ፍርስራሽ መጀመራችን አንባቢን ያስገርመው ይሆናል። ነገር ግን በባዕድ ቋንቋ መማርና መፈተን በእኛ ዘመን የተጀመረ ጣጣ አይደለም። የሶባ ሰዎች ከሺህ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር፤ መጨረሻቸውም ለመምህራን ብዙ የሚናገር ነው።

በአሥረኛው መቶ ዓመት ከግብፅ ወደ ኑብያ በመልእክት የተላከ ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ የተባለ ሰው ስለ ሶባ ጽፏል። የጻፈው መጽሐፍ ራሱ ጠፍቶ፣ አል መቅሪዚ የተባለው ግብፃዊ የታሪክ ጸሐፊ በኋላ ዘመን የጠቀሰው ክፍል ነው የተረፈው። ያማሩ ሕንፃዎች፣ ወርቅ የበዛባቸው አብያተ ክርስቲያናት፣ የአትክልት ቦታዎች፣ የሙስሊም ነጋዴዎችም ሰፈር እንደነበረ ይናገራል። ለእኛ ለመምህራን ግን ከወርቁ ይልቅ የሚበልጥብን አንድ አጭር ቃል አለው፤ ይኸውም መጻሕፍታቸው በግሪክኛ መሆናቸውንና ወደ ገዛ ቋንቋቸው እየመለሱ የሚያስረዱ መሆናቸውን የሚገልጸው ነው።

በዚያ ዘመን በሶባ የሚማር ልጅ የቤቱ ቋንቋ ግሪክኛ አልነበረም። ሆኖም ቄስ ወይም ጸሐፊ ለመሆን በዚያ በር ማለፍ ነበረበት። ኑብያውያን ከግሪክና ከቅብጥ ፊደል ወስደው፣ ከጥንቱ የመርዌ ፊደልም ጥቂት ምልክቶች ጨምረው የራሳቸውንም ቋንቋ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1952 ፒተር ሺኒ፣ በ1980ዎቹም የምሥራቅ አፍሪካ የብሪታንያ ተቋም በሶባ ባካሄዱት ቁፋሮ ከሕንፃዎቹ መሠረት ሌላ በቦታው የተጻፉ ጽሑፎች ተገኝተዋል። በኋለኛው ዘመን በኑብያ ምድር የተቀረጹ የግሪክኛ የመቃብር ጽሑፎችን የመረመሩ ሊቃውንት የቃላቱ መድረሻ መዛባቱን፣ ባለቤቱና ተሳቢው መቀላቀሉን ይገልጻሉ። እርማት ለለመደ የእንግሊዝኛ መምህር ይህ ዓይነቱ ስሕተት እንግዳ አይሆንበትም።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። አፄ ዒዛና በአራተኛው መቶ ዓመት ድንጋይ ሲያስቀርጽ ከግዕዙ ጎን ግሪክኛም ይጠቀም ነበር። ስለ ኑብያ ዘመቻው ባስቀረጸው ጽሑፍ ውስጥ ዓልዋ የሚል የከተማ ስም ይገኛል፤ ይህች ዓልዋ የኋላዋ ሶባ ነች ብሎ ለመደምደም ግን ማስረጃው አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ580 ሎንጊኖስ የተባለው ጳጳስ የዓልዋን ንጉሥ ሊያጠምቅ በሄደ ጊዜ በዚያ አገር አክሱማውያን ክርስቲያኖች እንዳገኘ የኤፌሶኑ ዮሐንስ ጽፏል። ሁለቱም አገሮች ጳጳሳቸውን የሚያገኙት ከእስክንድርያ ነበር።

ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢትዮጵያውያን መጻሕፍቱን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ግዕዝ በተራው ከአፍ መፍቻነት ወጥቶ የመጽሐፍ ቋንቋ በሆነ ጊዜ ደግሞ እሱኑ የሚያስተምሩ ጉባኤ ቤቶች አቋቋሙ። ጳጳሱ ከባሕር ማዶ ቢመጣም የንባቡ፣ የዜማው፣ የቅኔውና የትርጓሜው መምህር የጎጃም፣ የጎንደር ወይም የወሎ ሰው ነበር። ጳጳስ በታጣባቸው ዓመታት እንኳ ትምህርቱ አልተቋረጠም።

ዓልዋ ይህን ያህል አልታደለችም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ሳለ ከኑብያ አገር ስድስት መልእክተኞች መጥተው ነበር። ጳጳሳቸው ሞቶ ሌላ ማግኘት ስላልቻሉ የሚያስተምሯቸው ቀሳውስትና መነኮሳት እንዲሰጧቸው ንጉሡን ለመኑ። ንጉሡም እኔ ራሴ አቡኑን የማገኘው ከእስክንድርያ ነው፣ ከሌላ ሰው የተቀበልሁትን እንዴት እሰጣለሁ በማለት መለሷቸው። መልእክተኞቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የፉንጆች መንግሥት በሰናር እ.ኤ.አ. በ1504 ተመሥርቶ ነበር፤ ሶባም ፈረሰች። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ካርቱም ስትቆረቆር ሠራተኞች የሶባን ጡብ እየለቀሙ ወሰዱት። ለመንግሥቱ መውደቅ ብዙ ምክንያት እንዳለው አንክድም፤ ነገር ግን መምህር ፍለጋ ያን ያህል መንገድ የተጓዙትን ስድስቱን ሰዎች ባሰብን ቁጥር ያሳዝነናል።

በዚያው በዓባይ ዳር ሁለተኛው የባዕድ ቋንቋ በር የተከፈተው በእንግሊዞች ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በካርቱም የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው የትምህርት ዳይሬክተር ጄምስ ካሪ ከትምህርት ቤቶቹ ይጠብቅ የነበረው የእጅ ሙያተኞችንና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚበቁ አነስተኛ ሹማምንትን ነበር። ኮሌጁ ከ1947 ጀምሮ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆነ፣ በ1956 ደግሞ ራሱን የቻለ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ሶባም በዚህ መካከል እንደገና ትነሣለች። ጣልያን አገራችንን በያዘበት ዘመን አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ካርቱም ሲደርሱ፣ ከኬንያና ከሌላም ቦታ የተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በሶባ በተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ለመኮንንነት ሠለጠኑ። በኋላ የክብር ዘበኛ አዛዥ የሆኑት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከነዚህ አንዱ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ሲገቡ እንግሊዝኛም አብሮ ገባ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጦርነቱ በፊት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ሰፊውን ስፍራ የያዘው ፈረንሳይኛ ነበርና።

ከነጻነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ዓ.ም. የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። መጻሕፍቱ ከእንግሊዝ አገር የመጡ ነበሩ፤ ተማሪዎቹም ለለንደን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ፣ ለማትሪኩሌሽን፣ ይቀመጡ ነበር። የለንደኑ ፈተና ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም በየቤቱ «ልጄ ማትሪክ ሊፈተን ነው» የምንለው ከዚያ በወረስነው ስም ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የአገራችን ልጅ ባሕር ሳይሻገር ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኝበት መንገድ ተጀመረ፤ የለንደኑም ፈተና ቦታውን ለኢትዮጵያ ትምህርት መልቀቂያ ፈተና ለቀቀ። ቋንቋው ግን እንግሊዝኛ እንደሆነ ቆየ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ የመምህር እጥረት መጣ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ሦስት መቶ ግድም የሚሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ሕንዳውያን መምህራንም ነበሩ። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ዛሬም የሚያወራው ስለ «ፒስ ኮሩ» መምህሩ ነው። በ1969 ዓ.ም. የሰላም ጓድ ሥራውን አቋርጦ ከአገር ሲወጣ፣ ክፍሎቹ ግን ከቀድሞው ይልቅ በተማሪ ተጨናንቀው ነበር። የፈተናውም ዓይነት ከዚህ ጋር ተለወጠ። ብዙ ሺህ ወረቀት በእጅ ማረም ስለማይቻል ተማሪው አማራጭ መርጦ መልስ የሚያጠቁርበት ፈተና ሰፈነ። ተማሪው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ በእንግሊዝኛ የሚያልፍበት ዘመን መጣ ማለት ነው።

እኛም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። የአሮጌ ማትሪክ ጥያቄዎችን በስቴንስል እያባዛን፣ መልሱን በሰሌዳ ላይ እየጻፍን፣ ተማሪው ሲሸመድድ ደስ ያለን ጊዜ ብዙ ነው። «ኢፍ አይ ዌር» የሚለውን ከአራቱ አማራጮች ሳይሳሳት የሚያጠቁር ተማሪ፣ ብሆን ኖሮ ብሎ ስለ ራሱ አንድ መስመር ጻፍ ሲባል እርሳሱን ሲያኝክ አይተነዋል።

ዋጋው የታወቀው ከክፍል ውጭ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በገዳሪፍና በከሰላ በኩል ወደ ሱዳን የተሰደዱ ብዙ ወጣቶች ካርቱም ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ጠያቂ አማራጭ የሚሰጥ አልነበረም። ለትምህርት ዕድልም ሆነ ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ስለ ራስ መናገርና ማመልከቻ መጻፍ ይጠይቅ ነበር። ሰርተፊኬቱን አገር ቤት ጥሎ ለወጣ ልጅ ያለው ማስረጃ አንደበቱና ብዕሩ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በካርቱም ለስደተኞች የርቀት ትምህርት የሚሰጥ የሱዳን ክፍት ትምህርት ክፍል የተባለ ድርጅት መቋቋሙ ችግሩ ምን ያህል እንደነበረ ያሳያል። ሱዳን ራስዋ በበኩሏ በ1960ዎቹ አጋማሽ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን፣ ከ1990 ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ወደ ዓረብኛ መለሰች። ያ የራሳቸው ውሳኔ ነው። የእኛ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ሲያጸና እንግሊዝኛን የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ማስተማሪያ አድርጎ አቆይቶታል።

ጥር 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የዚያ ዓመት ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ስለ ተሰጠ ቀድሞ ይወጣ የነበረ መልስ አልደረሰም። ውጤቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ማሳበብ ስሕተት ነው፤ ጦርነት ነበር፣ ወረርሽኝ ነበር፣ መጽሐፍ ያልደረሳቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ነገር ግን የፊዚክሱንም የታሪኩንም ጥያቄ የሚያነበው በእንግሊዝኛ የሆነ ተማሪ ጥያቄው ካልገባው ትምህርቱን ማወቁ ብቻ አያድነውም።

ታዲያ ምን እናድርግ ለሚል መምህር የውጭ አገር መጽሐፍ ከማገላበጡ በፊት የቅኔውን ጉባኤ ቤት እንዲያስታውስ እንመክራለን። የቅኔ ተማሪ ግዕዝን የሚማረው ግሱን ካጠና በኋላ ራሱ በመፍጠር ነው። በሁለት መስመር ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀን ብቻውን ሆኖ ይቆጥራል፣ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ በጉባኤው ፊት ያርመዋል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። የትርጓሜው ተማሪም ገጸ ንባቡን ካነበበ በኋላ በአማርኛ ካልፈታው ዐወቀ አይባልም። ይህ ኢብን ሱለይም በሶባ የሰማው ሥራ ነው።

በእንግሊዝኛ ክፍልም ይህ ይቻላል። አሥር ደቂቃ በሚፈጀው ሳምንታዊ ኩዊዝ ከስምንት የአማራጭ ጥያቄዎች ጋር ሁለት የጽሑፍ ጥያቄዎች ይግቡ። አንደኛው አጭር የእንግሊዝኛ አንቀጽ በአማርኛ ወይም ተማሪው በሚያውቀው ሌላ ቋንቋ የሚፈታበት ይሁን፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጽሐፉ ተዘግቶ ያንኑ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ሁለተኛው በሳምንቱ የተማረውን የሰዋስው ስልት በመጠቀም ስለ ቤቱ፣ ስለ ሰፈሩ ወይም ስለ ገበያው ከራሱ የሚፈጥረው ዓረፍተ ነገር ነው። አሮጌ የማትሪክ ወረቀትም አይጣል፤ ሦስቱ አማራጮች ለምን እንዳልሆኑ ተማሪው በአፉ ያስረዳበት።

ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለውጭ የትምህርት ዕድል የሚጻፈው ማመልከቻ ደግሞ የባሰ ሽምደዳ የበዛበት ነው። «ትጉህና ለአገሬ አሳቢ ተማሪ ነኝ» የሚል አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ መቶ ተማሪዎች አንድ ሰው ይመስላሉ። ልጁ አስቀድሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያደረገውን ይጻፍ። ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት እንደሚሄድ፣ ታናሽ እኅቱን ሒሳብ እንዳስጠናት፣ የተበላሸ ራዲዮ ፈትቶ እንደጠገነ፣ መቼና የት እንደሆነ። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ሰዋስው ቢጎድለው እናርመዋለን፤ ነገር ከጎደለው ግን ማንም አይሞላለትም።

ሰባ ተማሪ ላለበት ክፍል ይህ ሁሉ እርማት ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ እኛም የኖርንበት ነው። በየሳምንቱ አሥር ደብተር ብቻ በተራ ይሰብስቡ፤ ሰባቱ ሳምንት ሲያልቅ ሁሉም ይዳረሳል። የቀሩት ተማሪዎች ደብተር ተለዋውጠው እርስ በርስ ይተራረሙ፣ ከእነሱም የሁለቱ ዓረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ተጽፎ በክፍሉ ፊት ይታረም። የማን እንደሆነ ስሙ አይጠራ።