ከማጀት እስከ ችሎት፦ የነጋዴ ሴት ሕጋዊ መብት አመጣጥ

«ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው አባባል በእናቶቻችን ዘመን ተረት ብቻ አልነበረም፤ የጽሑፍ ሕጉም ይደግፈው ነበር። እኛ የደብረ ወርቅ ሴቶች ዛሬ በስማችን ንግድ ስንከፍት ይህ መብት በምን መንገድ እንደመጣ ማወቅ ይገባናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ፣ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። ከሚስት የግል ገቢ በቀር የጋራውን ሀብት የሚያስተዳድረውም ባል ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ያገባ ሰው እንዳላገባ ሰው መነገድ እንደሚችል ቢፈቅድም፣ የትዳር ጓደኛው ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል ሊቃወም ይችል ነበር። ቃሉ ለሁለቱም እኩል ይመስላል። ይሁን እንጂ «ታዘዢ» የተባለች ሚስት የባሏን ንግድ ብትቃወም ማን ይሰማታል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ መሪነት ለችግረኛ ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ እየሰጠ፣ የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል ተሟገተ። የተሻሻለው ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጣ። ሆኖም የቤተሰብ ሕግ ማውጣት የክልሎች ሥልጣን ስለሆነ፣ ያ አዋጅ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነበር። ለእኛ በሩ የተከፈተው የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79ን፣ ሲያወጣ ነው።

ከ1952ቱ ሕግ ግን እስከ ዛሬ የሚጠብቀን ክፍልም አለ፤ እሱም የውል ሕጉ ነው። በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘ ውል ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበት፣ 2 ምስክሮችም ሊያረጋግጡት ይገባል። ማንበብና መጻፍ የማትችል እህታችን ያሳረፈችው የጣት አሻራ፣ ሥልጣን ባለው ውል አረጋጋጭ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳትም (አንቀጽ 1728)። ዋስ ስንሆንም የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በውሉ ላይ መጠቀስ አለበት፤ ካልተጠቀሰ ዋስትናው አይጸናም (አንቀጽ 1922)። ለብድር እርስ በርሳችን ዋስ ለምንሆን ለእኛ ይህች አንዲት መስመር ቤትና ከብት ታድናለች።

ስለዚህ ሁለት ሦስት ሆነን ንግድ ስንጀምር፣ ማን ምን እንዳዋጣ፣ ትርፍና ኪሳራ እንዴት እንደምንካፈል፣ አንዷ ብትወጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድመን እንጻፍ። ከመፈረማችን በፊት የወረዳውን ፍትሕ ጽሕፈት ቤት እንጠይቅ፤ ጉዳዩ ከከበደ ወደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሄደን ስለ ነጻ የሕግ ድጋፍ እንጠይቅ። ደጋፊዎቻችንንም የምንለምነው ከመነሻው ብር ጎን ለሕግ ምክርና ለመንገድ ወጪ ጥቂት እንዲመድቡልን ነው። ሳይነበብ በተፈረመ አንድ ወረቀት የስንት ዓመት ቁጠባ ይሄዳልና።