ዝሆኑን ማናገር፦ የአደን መሣሪያ ለውጥና የአዳኝ ፉከራ

ፉከራን በቃል ግጥም ክፍለ ጊዜ ባነሣሁ ቁጥር የተማሪዎቼ ሐሳብ ወዲያው ወደ ጦር ሜዳ ይሄዳል። አይፈረድባቸውም፤ በመድረክም ሆነ በመማሪያ መጻሕፍት የቀረበላቸው እሱ ነው። ይሁን እንጂ «ገዳይ» የሚለው ማዕረግ ጠላት በመጣል ብቻ የሚገኝ አልነበረም። ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የጣለም ይፎክር፣ ሎቲ ያንጠለጥል፣ ጎፈር ይደፋ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአደኑ መሣሪያ ከጎራዴና ከጦር ወደ ነፍጥ ሲለወጥ፣ ይህን ክብር ተሸክሞ የኖረው ቃል ምን እንደደረሰበት መመልከት ነው። ዓመታቱ በሙሉ የተሰጡት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥሩ መነሻ የሚሆነን በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ነው። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ በሰሜን ምዕራቡ ቆላ ይኖሩ የነበሩ የዝሆን አዳኞችን ሥራ በዝርዝር ጽፏል። ሁለት ሰዎች ልብሳቸው በቁጥቋጦ እንዳይያዝ ራቁታቸውን በአንድ ፈረስ ላይ ይቀመጣሉ። የፊተኛው ከአጭር በትር በቀር ምንም አይዝም፤ የኋለኛው ስለታም ጎራዴ ይይዛል። ባለ ፈረሱ ወደ ዝሆኑ ፊት ይቀርብና ጮክ ብሎ ስሙን ይናገራል፤ የፈረሱንም ስም ይጠራል። የዝሆኑን አባትና አያት የት የት እንደገደለ ይዘረዝርለታል፤ ይንቀዋል፤ ይሰድበዋል። ዝሆኑ ተቆጥቶ ሲከተለው ፈረሱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ያታክተዋል። በመጨረሻም ጎኑ ሲደርስ ባለ ጎራዴው ዱብ ብሎ ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት ይቆርጠዋል። ባለ ፈረሱም ዞሮ ጓደኛውን አፈናጦ ያመልጣል። በ1867 መጽሐፉን ያሳተመው ሳሙኤል ቤከርም በሰቲት ወንዝ አካባቢ ስለነበሩት የሐምራን ባለ ጎራዴዎች ተመሳሳይ ነገር ጽፏል።

ብሩስ ለዝሆን የሚነገረውን ይህን ንግግር እንደ ከንቱ ልፍለፋ ቆጥሮት ያልፋል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የተነገረበት ቋንቋ ምንም ይሁን ምን፣ መዋቅሩ ዛሬ በየስብስቡ የምናገኘው የፉከራ መዋቅር ነው፤ ራስን መጥራት፣ ፈረስን መጥራት፣ ያለፈ ግዳይ መቁጠር፣ ባላጋራን ማቃለል። ከሁሉም በላይ ግን ቃሉ ሥራ ነበረው። ዝሆኑ ዓይኑን ከተናጋሪው ላይ ካነሣ ከኋላ ያለው ሰው ያልቅለታል። ስለዚህ ፉከራው የአደኑ ማስጌጫ ሳይሆን እንደ ጎራዴው ሁሉ የአደኑ መሣሪያ ነበር ማለት ይቻላል።

ነፍጥ በበኩሉ ዝምታ ይፈልጋል። ተኳሹ ነፋሱን አይቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሳይታይና ሳይሰማ መቅረብ አለበት። እዚህ ላይ የፎከረ ግዳዩን ያባርራል። በመሆኑም ፉከራው ከግድያው በፊት የነበረውን ቦታ ለቅቆ ወደ ኋላ ተሸጋገረ፤ ከዝሆኑ ፊት ተነሥቶ ወደ አለቃው ፊትና ወደ ግብሩ አዳራሽ ገባ። አድማጩም ተለወጠ። የሚሞተው ሲሰማ የነበረው ቃል፣ የሚሾመውና የሚሸልመው የሚሰማው ሆነ።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። በ1541 የገቡት 400 ያህል ፖርቱጋላውያን ነፍጥ ታጥቀው ነበር፤ ያ ዓይነቱ መሣሪያ ግን ለመጉረስም ለመተኮስም ጊዜ የሚፈጅ በመሆኑ ከአዳኝ ይልቅ ለወታደር የሚስማማ ነበር። የአደኑ ለውጥ በዋናነት የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከኋላ በሚጎርሱት ጠመንጃዎች ነው። ስሞቻቸው ራሳቸው ለቋንቋ አጥኚ ሀብት ናቸው፤ ስናድር ከእንግሊዞቹ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ተወልደው በአማርኛ አንደበት ተሞርደዋል። በፉከራው ውስጥ ፈረሱ የነበረውን የባልንጀርነት ቦታ ጠመንጃው ይወስድ ጀመር። (ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ጭኖ በ1887 ሸዋ ከደረሱት ነጋዴዎች አንዱ ግጥም መጻፍ የተወው አርቱር ራምቦ መሆኑን ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሳልነግር ማለፍ አልቻልኩም።)

ነፍጡ የጠቀመው ነገር እንዳለ መካድ አይገባም። ስንቱ ወጣት ከዝሆን እግር ሥር ተርፏል፤ ገበሬው ማሳውን ከአሳማና ከዝንጀሮ ለመጠበቅ አቅም አግኝቷል። ለአውሬውም ቢሆን በደንብ የተተኮሰ ጥይት ጅማቱ ተቆርጦ ደሙን እያፈሰሰ ከሚቆይበት ሞት ይሻለዋል። በመጀመሪያ ላይ የጥይቱ ውድነት ራሱ ልጓም ነበር። ጥይት እንደ አሞሌና እንደ ማርትሬዛ ብር በገበያ ይመነዘር ስለነበር፣ ቃታ መሳብ ገንዘብ ማውጣት ነበር።

ጉዳቱ ግን ከዚያው ገበያ መጣ። በጠመንጃ ዝሆን ይገደላል፤ በዝሆን ጥርስ ጠመንጃ ይገዛል። በልማዱ መሠረት ግዳዩ መጀመሪያ ላደማው ሲሆን፣ የጭራውም ክብር የእሱ ነው። በጦርና በጎራዴ ጊዜ ይህ ደንብ ብዙ አያከራክርም፤ ያደማው ሰው አጠገቡ ቆሟል። በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ከሩቅ ሲተኩሱ ግን የማን ጥይት ቀደመ? «ገዳይ ነኝ» የሚለው ቃል ምስክር ፈላጊ ሆነ። በእኔ ግምት ነፍጥ በፉከራ ላይ ያደረሰው ትልቁ ጉዳት ይኸው ነው፤ ጀግንነቱን አላጠፋውም፣ እማኝነቱን ግን አናጋው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የቁጥር ታሪክ ነው። መንግሥት በ1944 የዱር አራዊት ጥበቃ አዋጅ አወጣ። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ዘመናዊ ጠመንጃ በበዛበት ሰሜን ዋልያ በጥቂት መቶዎች ብቻ የሚቆጠር ሆነ፤ ፓርኩ በ1969 በሕግ ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ወጣ። በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ክላሽ በየመንደሩ ተበተነ፤ ፓርኮችም ተዘረፉ። የጥይትም ውድነት የጥንቱን ያህል ልጓም መሆኑ ቀረ። በ2015 አዲስ አበባ ላይ ከስድስት ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ ሲቃጠል የፎከረ አልነበረም። በሌላ በኩል በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን ባንገቱ በታሰረ ሬዲዮ የሚከታተሉ ባለሙያዎች የጥንቱ አዳኝ የነበረውን ዱካ የማንበብ ትዕግሥት፣ ያለ ግዳይ፣ ይዘውት ቀጥለዋል።

ዝሆን አይተው የማያውቁ ሰዎች ዛሬ በሠርግ ላይ ዝሆን ገዳይ ነን ብለው ይፎክራሉ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ባዶ ቅርፅ ይሉታል። እኔ ወደዚያ ድምዳሜ ከመድረሴ በፊት፣ ከዚህ በኋላ ወደ መስክ የሚወጡ ተማሪዎች ግጥሙን ብቻ ገልብጠው እንዳይመጡ እጠይቃለሁ። ፎካሪው ቃሉን ከማን እንደተማረው፣ ያ ሰው በምን መሣሪያ ያድን እንደነበረ፣ የሚፎክረውም ከመተኮሱ በፊት ይሁን በኋላ ጠይቀው ይመዝግቡ። ይህን ሊመልሱ የሚችሉት አዛውንቶች ቁጥር በየዓመቱ እያነሰ ነው።