የካፋ ማጥና የኋላ ጎማ

የካፋ ነገሥታት አገራቸውን በጥልቅ ጉድባና በበር አጥረው፣ ደኑንም እንደ ቅጥር ቆጥረው ኖረዋል። በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማርኮ መንግሥቱ ሲያበቃ ጉድባው ተጣሰ፤ ጭቃው ግን ቀረ። ቡናው ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ወደ ጅማ የወጣው በበቅሎ ጀርባ ነው። በቅሎ አንድ እግሯ ቢሰምጥ በሦስቱ ተደግፋ ትነቅለዋለች። መኪና ይህን አይችልም።

ምክንያቱ ያለው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል፣ ድቡልቡል የብረት ቤት ውስጥ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ርቀት ስለሚሄድ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት መዞር አለባቸው። ለዚህ ፈረንሳዊው ሰዓት ሠሪ ኦኔሲፎር ፔከር እ.ኤ.አ. በ1827 በእንፋሎት ለሚሄድ ጋሪ ዲፈረንሻልን ሠርቶ የፈጠራ መብት አወጣበት። ብልሃቱ ለደረቅ መንገድ ድንቅ ነው። ዲፈረንሻል ግን ኃይልን ለሁለቱም ጎማ እኩል ነው የሚያካፍለው፤ አንዱ ማጥ ላይ ሆኖ መሬት መቆንጠጥ ካቃተው፣ ደረቅ ላይ ያለውም የሚደርሰው ያችው እፍኝ የማትሞላ ኃይል ናት። አንዱ ጭቃ እየረጨ ይሽከረከራል፣ ሌላው ቆሞ ያያል።

ጣሊያን በወረራው ዘመን የአዲስ አበባ–ጅማን መንገድ ሲሠራ ከባድ መኪናውንም ቃሉንም ትቶ ሄደ፤ ትሬንታ ኳትሮ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ቦንጋ ግን ከጅማ ወዲያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ጎጀብን ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ እንደገና መውጣት አለ። በዚያ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እምብዛም አያባራም። ቡናው ደግሞ መልቀም የሚጀምረው መሬቱ ገና ሳይደርቅ ነው።

ከጭነት ኢሱዙዎች ብዙዎቹ ዲፈረንሻል መቆለፊያ የላቸውም። ስለዚህ ማጥ ሲይዛቸው ሥራው የረዳቱ ነው። ረዳቱ ጫማውን አውልቆ ይወርዳል፤ በዶማ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ይዝቃል፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ ይጎዘጉዛል፣ ታኮውን ይዞ ከጎን ይቆማል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ቅርንጫፉ ተሰባብሮ ወደ ኋላ ይወረወራል። ሦስት አራት ጊዜ ይሞከራል፤ ካልሆነ ጭነቱ ይራገፋል። ካፋ ውስጥ የቡና ማጓጓዣ ዋጋ ሲነሣ ይህ ላብ አብሮ ሊቆጠር ይገባል።

መቆለፊያው የሚያመጣው መፍትሔ ሁለቱን ጎማዎች እንደ አንድ ማሰር ነው፤ አንዱ ሲዞር ሌላውም የግድ ይዞራል። የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1935 ለአውቶ ዩኒየን የውድድር መኪና በከፊል የሚያስር ዲፈረንሻል አቀረበ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጣው የጀርመን መኪና ኡኒሞግ ደግሞ ከፊትም ከኋላም ሙሉ በሙሉ የሚቆለፍ ሆነ። በዘመነ ደርግ የገቡት የሶቪየት ኡራሎች የሚቆልፉት በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል ያለውን ዲፈረንሻል ነው፤ ግራና ቀኝ ጎማን አያስርም። ገጠሩን ያዳረሰው ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በተሠራው 70 ተከታታይ ሞዴሉ፣ መቆለፊያ ከተገጠመለት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ ዙር ማብሪያ አለው፤ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላውን፣ ሲደገም የፊቱንም ይቆልፋል። የሚሠራው በከባዱ ማርሽ፣ በዝግታ ሲነዳ ብቻ ነው። ማጡ ውስጥ ከሰመጡ በኋላ ከመቆለፍ፣ ሳይገቡ መቆለፍ ይሻላል፤ የሚሽከረከር ጎማ ላይ መቆለፍ ጥርስ ይሰብራል።

ዛሬ ከጅማ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን አስፋልት ተዘርግቷል፤ ጌሻና ሳይለምን የመሰሉ ወረዳዎች ግን ጭቃቸው ብዙ ነው። አንድ ሹፌር በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ዓለም ይነዳል ማለት ነው። አስፋልት ላይ የታሰሩ ጎማዎች በየመታጠፊያው እርስ በርስ ይጓተታሉ፤ ጎማው ይጮኻል፣ መሪው ይከብዳል፣ አክስሉም ሊበጠስ ይችላል። ማብሪያውን መልሶ ማዞር ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም፤ ጥርሶቹ ተወጣጥረው ሳይላቀቁ ሊቆዩ ይችላሉ። ያኔ ሹፌሩ የጠጠሩ መንገድ ጫፍ ላይ፣ አስፋልቱን ሳይረግጥ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መሪውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው መብራት እስክትጠፋ ይጠብቃል።